ጨው ተራራ ሲወጣ፤ አንኮበርና የቀላል ኑሮ ሂሳብ

ከጊዜ ወዲህ በከተማችን ወግ መካከል አንድ ምኞት በርክቷል። ሰው የቤት ኪራይ ሲከብደው፣ ታክሲ ተራ ቆሞ ሲመሽበት፣ የመኪና ጢስ ጉሮሮውን ሲይዘው «ምነው ደጋ ወጥቼ ቆሎዬን ቆርጥሜ፣ የምንጭ ውኃ ጠጥቼ በኖርኩ!» ይላል። ባለ ገንዘቡም ይለዋል፤ ደሀውም ይለዋል። ጽሑፍ እየሸጠ የሚያድር እንደ እኔ ያለ ሰውማ ወር በገባ ቁጥር ይለዋል። ምኞቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ምኞቱ ውስጥ የተቀበረ የታሪክ አነጋገር አለ፤ ይኸውም ተራራ ላይ ያሉ ከተሞቻችን ድሮ ገንዘብ ሳያውቁ በጤናና በሰላም ይኖሩ ነበር የሚል ነው። ለመሆኑ ይህ እውነት ነው ወይ?

ጥያቄውን ይዤ የሄድኩት ወደ አንኮበር ነው። ሌላም ከተማ መምረጥ ይቻል ነበር። አንኮበር ግን ገንዘብ ሽቅብ ሲወጣላትም፣ ቁልቁል ሲወርድባትም አይታለች፤ ስለዚህ ምስክርነቷ ሙሉ ነው።

ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሸዋ ደጋ በድንገት ተቆርጦ ወደ አዋሽ ቆላ በሚወድቅበት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ለቆመ ሰው ጉሙ ያለው ከእግሩ በታች ነው። ጉሙ ሲገለጥ ቁልቁለቱ ይታያል፤ ከላይ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ ዝቅ ሲል የጤፍ፣ ከዚያም የማሽላና የጥጥ አገር፣ ከሁሉም ታች ግመል የሚውልበት በረሃ። ይህን ሁሉ እግሩ የጠና ሰው በአጭር ጊዜ ወርዶ ሊያዳርሰው ይችላል። የሸዋ ነገሥታት ይህን አፋፍ የመረጡት ለአየሩ ብቻ አይመስለኝም። ከላይ ሆኖ የሚመጣውን ጠላት ያዩበታል፤ ይበልጥ ደግሞ የሚመጣውን ነጋዴ ያዩበታል።

የከተማይቱ ዝና ጫፍ የደረሰው እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ንጉሡ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ይቀመጡ እንጂ ከባሕር የሚመጣው መንገድ የሚያበቃው ከአንኮበር እግር ሥር ነበር። ከታጁራ የተነሣ ግመል ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከአሳል ሐይቅ የተጫነ ጨው፣ ጨርቅ፣ መዳብና ጠገራ ብር ይዞ ወደ ኢፋት ይደርሳል። በኢፋት ላይ የተሾሙት ወላስማ መሐመድ ይቀበሉታል፤ ቀረጡ ይከፈላል። ከዚያ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ከመሀል አገር የመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳ ይጠብቀዋል። ሰውም ይጠብቀው ነበር፤ ከደቡብ ተማርከውና ተሰርቀው የመጡ ባሮች በዚያው ገበያ አካባቢ ይሸጡ ነበር። የአንኮበርን ክብር የሚያነሣ ሰው ይህን ሊዘለው አይገባም።

እንግዲህ «ገንዘብ የማታውቅ የተራራ ከተማ» የምንላት ይህች ናት። ቀረጥ ነው ያቆማት። ገብስና ባቄላዋ ለገበሬዋ ይበቃ ይሆናል፤ ለቤተ መንግሥት፣ ለሠራዊት፣ ለግብርና ለካህናት ግን የሚበቃ አልነበረም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስይዝ ከተማርኩት ውስጥ አንድ ነገር አልረሳም፤ ትልቅ ድግስ ስታይ ማን እንደ ከፈለ ጠይቅ ይላል። የአንኮበርን ድግስ የከፈለው ከታች የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ነው።

ደግሞም ግመል አቀበቱን አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሡ መድፍና ጠመንጃ፣ ሌላም ብዙ ገጸ በረከት ይዞ ሲመጣ ዕቃው ፋሬ ላይ ከግመል ወረደ። ከዚያ በኋላ በንጉሡ ትእዛዝ የተጠሩ በመቶ የሚቆጠሩ የአገሩ ሰዎች ተሸክመው ወደ ላይ አወጡት። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ፤ ወደ አገሩም ሲመለስ በሦስት ቅጽ የታተመ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። የተሸካሚዎቹን ስም ግን ማንም አልጻፈውም። አንኮበርን በሄድኩበት ጊዜ ያንን አቀበት በከፊል በባዶ እጄ ወጥቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የመጡ አንዲት ሴትዮ በጀርባቸው እንስራ እንዳዘሉ «አይዞህ ልጄ፣ ቀርቧል» ብለውኝ አለፉ። አልቀረበም ነበር።

በነገሥታቱ ዘመን ከነበረው ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ የወፍጮው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሸዋ የመጡት ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉት ሚስዮናውያን፣ ከእነርሱም በኋላ የመጡት የውጭ አገር ሰዎች፣ በአንኮበር አንድ ባዕድ ባለሙያ የውኃ ወፍጮ ሠርቶ እንደ ነበር ይናገራሉ። ውኃው ከተራራ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ይዞራል፤ እህሉ ይደቅቃል። ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው አሉ፤ ወፍጮውም ሳይሠራበት ቀረ። ይህን ያነበበ ብዙ ሰው ስለ ካህናቱ ይስቃል፤ ወይም «አባቶቻችን ቀላል ኑሮን መረጡ» ብሎ ያመሰግናል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ወፍጮው ከቆመ በኋላ ያንን ሁሉ ዱቄት ማን ፈጨው? መልሱ በዚያው በተጓዦቹ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተደርድረው ከንጋት ጀምሮ መጅ የሚገፉ ሴቶች፣ ብዙዎቹም ባሮች ነበሩ። ምርጫውን የመረጡት አልፈጩም፤ የፈጩት ደግሞ አልተጠየቁም።

የእናቴ እናት የዚያ አገር ሰው ነበሩ። እምዬ እንላቸው ነበር። በሕፃንነቴ ሳውቃቸው የሁለት እጆቻቸው መዳፍ እንደ ጫማ ሶል የደደረ ነበር፤ ትከሻቸውም ወደ ፊት ጎብጧል። የናፍጣ ወፍጮ ወደ ሰፈራቸው የገባው ልጆቻቸውን ሁሉ ከወለዱ በኋላ ነው። ስለ ድሮ ኑሮ ሲጠየቁ ስለ ማር፣ ስለ ቅቤ፣ ስለ ሰው ፍቅር አጫውተውናል፤ አፋቸው ጣፋጭ ነበር። የወፍጮ መኪናው የመጣ ዕለት ግን ምን እንደ ተሰማቸው ስንጠይቃቸው «እልል አልኩ» ብቻ ነው ያሉት።

ስለ ቀላል ኑሮ ሲወራ የማይነሡ ሌሎችም አሉ። በአንኮበር ዙሪያ ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸማ የሚሸምኑ ባለ እጆች ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ። የገበሬው ማረሻ፣ የወይዘሮዋ ምጣድ፣ የካህኑ ኩታ ከእነርሱ እጅ ይወጣ ነበር። ዋጋቸው ግን ንቀት ነበር፤ ቡዳ ይባላሉ፤ ከእነርሱ ጋር ጋብቻ የለም። ያለ እነርሱ አንድ ቀን የማያድር ኑሮ «ራሱን የቻለ» ተብሎ ሲወደስ መስማት ይከብዳል።

ወደ ጤናው ልመለስ፤ ደጋን የሚያወድሱ ሰዎች እዚህ ላይ እውነት አላቸውና። ወባ ደጋን አይደፍርም። አባቶቻችን ቆላ ወርደው ማደርን ይፈሩ የነበረው ያለ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው ሲበዛ ወባ ከቆላ ተነሥቶ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉት አገሮች ላይ ወጣ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ያህል ሰው ሞተ ተብሎ ተገምቷል። እንደ አንኮበር ካለ አፋፍ ላይ የነበረ ሰው ያንን መቅሠፍት ቁልቁል ነው ያየው። ይህ በገንዘብ የማይገዛ ሀብት ነው፤ እግዜር ለደጋ የሰጠው።

ነገር ግን ብርዱም የራሱ በሽታ አለው። አንድ ልብስ ለብሶ በአንድ ጠባብ ቤት ከከብት ጋር የሚያድር ሰው ቅማል አይጠፋውም፤ ተስቦና ግርሻ ደግሞ የቅማል ልጆች ናቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባል የለ? እንቅርቱም እዚያው ደጋው ላይ ነው። ዝናብ የተራራውን አፈር ለሺህ ዓመታት ሲያጥበው አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞት ይወርዳል፤ በዚያ አፈር ላይ የበቀለውን ብቻ የሚበላ ሰው አንገቱ ያብጣል፤ ሲብስም የሚወለደው ሕፃን በአካልም በአእምሮም ሳያድግ ይቀራል። ይህ የእኛ አገር ዕጣ ብቻ አይደለም። ዛሬ በጤናማ አየሯ የምትወደሰው ስዊዘርላንድ የአልፕስ መንደሮቿ በዚሁ በሽታ የታወቁ ነበሩ። ያዳናቸው የተራራው አየር ሳይሆን እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ አዮዲን ተጨምሮበት የተሸጠላቸው ጨው ነው።

እምዬም እንቅርት ነበረባቸው። ነጠላቸውን ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ነበር የሚቀመጡት፤ እኛ ልጆቹ ለብርዱ ይመስለን ነበር።

ስለ ጨው ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አገራችን አዮዲን ያለው ጨው የምታገኘው በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከምፅዋና ከአሰብ ነበር። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ በር ተዘጋ። ገበያው በአፋር ጨው ተተካ፤ የአፋሩ ጨው ደግሞ በዚያን ጊዜ አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። አዮዲን ያለው ጨው የሚበላው ቤተሰብ ቁጥር አሽቆለቆለ። በጨው ላይ አዮዲን መጨመርን ግዴታ ያደረገው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በባድመ ሜዳ የተተኮሰ ጥይት ደጋ ላይ ያለችን ነፍሰ ጡር ያገኛታል ቢባል ማን ያምን ነበር? ያገኘው ግን በጨዋ በኩል ነው። በሣህለ ሥላሴ ዘመንም ቢሆን የበረሃው መንገድ በተዘጋ ቁጥር የደጋው ወጥ አልጫ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ውድቀቷ እንምጣ። አንኮበርን ጠላት አላጠፋትም፤ ጌቶቿ ናቸው ትተዋት የሄዱት። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1865 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ከገቡ በኋላ ለጥቂት ዓመታት አንኮበር ዳግም ደምቃ ነበር። በአቅራቢያዋ ልጥ ማረፊያ ላይ የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ከ1876 ጀምሮ የምርምር ጣቢያ ከፍቷል። ይሁን እንጂ የንጉሡ ዓይን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ ቡናውም፣ የዝሆን ጥርሱም፣ ግብሩም ያለው በዚያ ነው። መናገሻው ወደ እንጦጦ ተዛወረ።

እንጦጦ ደግሞ ከአንኮበር የባሰ ተራራ ነው። ነፋሱ ያንገላታል፤ ውኃ ሩቅ ነው፤ ማገዶ አለቀ፤ ስንቅ ማውጣት መከራ ሆነ። ከሥሩ ግን ፍልውኃ ይፈላል። ንጉሡና ባለሟሎቻቸው ሕመማቸውን ሊታጠቡ ወደዚያ ይወርዱ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ሜዳውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራ፤ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ቢሆንም ኑሮው ግን ወደ ሜዳው እየወረደ ነበር። እንግዲህ መምረጥ የሚችሉት ሰዎች በመረጡ ጊዜ የመረጡት ሙቅ ውኃን ነው። በዚህ አልወቅሳቸውም፤ እኔም ብሆን እወርዳለሁ።

ለአንኮበር ግን ይህ ሞት ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ በጦር መሣሪያ ንግድ ላይ ሳለ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ ያንን የድሮውን የበረሃ መንገድ በብዙ ሥቃይ ጨርሶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ተከትሎ እንጦጦ ድረስ መሄድ ነበረበት። ሲመለስ በመጣበት አልተመለሰም፤ በዚያው ዓመት መባቻ ምኒልክ በያዟት በሐረር በኩል ወረደ። በአንድ ነጋዴ ጉዞ ውስጥ የአንኮበር መንገድ ዘመን ማለቁን ማየት ይቻላል። ቀጥሎ ባቡሩ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የአልዩ አምባ ገበያ የአካባቢ ገበያ ሆኖ ቀረ። ቀረጥ የለም፤ ቤተ መንግሥት የለም፤ የተረፈው የድንጋይ ግንብ ቁራጭ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ገብሱና ጉሙ ነው። ዛሬ መንገደኛ መጥቶ «እንዴት ያለ ቀላል ኑሮ!» ብሎ የሚያደንቀው ይህን ትራፊ ነው።

በእንጦጦ የሆነውም ከዚህ አይርቅም። ቤተ መንግሥቱ ከወረደ በኋላ ተራራው በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፤ ከዚያም ለብዙ አሠርት ዓመታት ከ30 ኪሎ የሚበልጥ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ሆነ። አዲስ አበባ እንጀራዋን የጋገረችው በእነርሱ ወገብ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። አሁን ከተሜው አየር ሊለውጥ፣ ብስክሌት ሊነዳ፣ ቡና ሊጠጣ ይወጣል። አንኮበርም በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ለእንግዳ ማረፊያ ሎጅ ተሠርቶላታል። ፓርኩም ሎጁም መልካም ነው፤ ሥራ ያስገኛል። ግን ነገሩን ልብ ላለው ያስቃል፤ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ብርዱን ሸሽቶ የወረደው ገንዘብ አሁን ብርዱን ሊጎበኝ፣ ከፍሎ፣ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ይወጣል።

«ታዲያ ገንዘብ በቱሪስት በኩል ይምጣላቸው» የሚል ወዳጅ አለኝ። እርሱን የማስታውሰው ላሊበላን ነው። ላሊበላም የተራራ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጧፍ ሻጩ ሁሉ ዓይኑን በአውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጥሎ ኖረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ወደ አገራችን ሲገባ እንግዳው ቆመ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ መጣ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። ከዚያም በኋላ ያገኘችው ሰላም የተቆራረጠ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ አልተዘጋም፤ ካህኑ ቆመ፤ ምእመኑ ለገና መጣ። የአስጎብኚው ልጅ ግን ምን በላ? አንኮበር በባቡር ምክንያት በሠላሳ ዓመት ያጣችውን ላሊበላ በአንድ ወር አጣችው።

ወዳጄ ይህን ስነግረው «እንግዲያው ያለ ገንዘብ ይኑሩ ነው የምትለው?» አለኝ። እንዲያ አላልኩም። ከአንኮበር ታሪክ የተረዳሁት ደጋው ያለ ቆላው፣ ያለ መንገዱ፣ ያለ ጨው ነጋዴው አንድም ዘመን ኖሮ እንደማያውቅ ነው። ገንዘቡ ሲመጣ ከጌቶች ጋር መጣ፤ ከጌቶች ጋርም ሄደ። መጅ የገፋችው፣ እንስራ ያዘለችው፣ እንጨት የተሸከመችው ሴት በሁለቱም ዘመን ኑሮዋ ቀላል አልነበረም። «ቀላል» የሚለው ቃላችን ራሱ ያሳስታል፤ ለሸክምም ለኑሮም አንድ ቃል ነው የምንጠቀመው።

ጎረቤላ ላይ፣ የዛሬዋ አንኮበር ከተማ ማለት ነው፣ ከአንድ ባለ ሱቅ ጋር ስናወራ አመሸሁ። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትልቁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሯል፤ በየወሩ ይልካል፤ ብርዱ ግን እዚያም አንድ ነው ይላል አሉኝ። ትንሿ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። እዚህ እንድትቀር ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። መልስ ሳይሰጡኝ አንዲት ልጅ እግር ሕፃን አዝላ ገባች፤ ጨው ፈለገች። ሁለት ዓይነት ነበር፤ አዮዲን ያለው የታሸገው፣ እና በኩንታል መጥቶ በጣሳ የሚሰፈረው። ዋጋቸውን ጠየቀች፤ ነገሯት። ሳንቲሟን መዳፏ ላይ ቆጠረች፤ ሕፃኑን ወደ ላይ አስተካክላ አዘለች፤ እንደገና ቆጠረች። ባለ ሱቁ የታሸገውን አንሥተው ሰጧት።

«የቀረውን ለገበያ ቀን ታመጪልኛለሽ» አሏት።